ከነጋቢው የለካሁት ልጅ

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና የሦስት ወንበሮች ፎቶ አሳየችኝ። የሰባት ወር ልጅ አላት። ገንፎ አስጀምራዋለች፤ ጭኗ ላይ አልቀመጥ እያለ አስቸግሯታል። ሁለቱ ወንበሮች ፕላስቲክ ናቸው፤ ሦስተኛው እንጨት።

«እትዬ ተዋበች፣ የትኛውን ልግዛ?»

«ልጁን አምጪውና እንየው» አልኳት።

«የምንገዛው ልጁን አይደለም እኮ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ሥራውን ሳላውቀው ብጠየቅ ኖሮ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ከሄደች በኋላ ግን ብዙ ሳስብ ቆየሁ። ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ ስለ ሥራዬ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። አንድ ያጠፋሁት ጥፋትም አለ። ሁለቱን ለያይቼ መጻፍ ስለማልችል አንድ ላይ እጽፋቸዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደሴ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና እጽፍ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ጥቂት ወራት ቤት ከዋልኩ በኋላ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም የማይርቅ አንድ የአናጢዎች ማኅበር ደረሰኝ የሚቆርጥና ትእዛዝ የሚመዘግብ ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ደመወዙ ከቀድሞው ያንሳል፤ ግን ወር ጠብቆ ይከፈላል። ገባሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በሳል አለፈ፤ የእንጨቱን ብናኝ አልለመድኩትም ነበር።

የማኅበሩ ኃላፊ ንጹሕ ለባሽና ጥድፊያ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ተሠርቶ ቢደረደር ደስ ይላቸዋል። «ወንበር ወንበር ነው» ይሉ ነበር። ዋናው አናጢ ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ይህን በሰሙ ቁጥር መላጊያቸውን ያቆሙና፣ «ቂጥስ ቂጥ ነው?» ይላሉ። ኃላፊው እየሳቁ ይወጣሉ። በዚያ ቤት ክርክር የሚያልቀው እንደዚህ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እንጨት ከመቁረጣቸው በፊት «ቢስሚላሂ» ይላሉ፤ ከቆረጡ በኋላ የተቆረጠውን ጫፍ ያሸታሉ። እርጥብ መሆኑን በጠረኑ ያውቁታል። እኔን ያስተማሩኝ ተቀምጠው አይደለም። አንድ ቀን ደረሰኝ ስጽፍ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ የዋንዛ ቁራጭ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ደንበኛ እስኪመጣ እጅሽ ሥራ አይፍታ» አሉኝ። አለሰለስኩት። በጉንጫቸው አሹት። «ገና ነው» ብለው መለሱልኝ። ለሁለት ሳምንት «ገና ነው» ከሚለው ሌላ አልሰማሁም። በሦስተኛው ሳምንት ዝም ብለው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ጸሐፊም አለስላሽም ሆንኩ።

የሕፃን ወንበር የጀመርነው አንዲት አስተማሪ ረጅም እግር ያለው ወንበር ስዕል ይዛ በመጣች ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ሕፃን የሚበላው እናቱ ጭን ላይ ነው፤ ወይ ግድግዳ ሥር በጨርቅ ተደግፎ። የመጀመሪያውን ወንበር ደጃፍ ላይ ስናደርቅ፣ ከደሴ ዙሪያ ጎመን ይዘው የሚመጡ አንዲት ሴት ቆመው ዙሪያውን አዩት።

«ይሄ የማነው?»

«የሕፃን ነው እናቴ» አልኳቸው።

«ሕፃኑ ዳኛ ነው? ችሎት ሊቀመጥ ነው?» ብለው ጎመናቸውን ተሸክመው ሄዱ። እስከ ብዙ ዓመት አናጢዎቹ ያን ወንበር «ችሎት» ነበር የሚሉት።

ጋሽ እንድሪስ ግን ወንበሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። ለሕፃን ሲሠሩ በሜትር አይለኩም። ወፍራም የጥጥ ክር ነበራቸው። ልጁ ፍራሽ ላይ ይቀመጥና እናቱ ልብሱን ሁሉ ታወልቅለታለች። ከመቀመጫው እስከ ጉልበቱ ክሩን ይዘረጉና አንድ ቋጠሮ፤ ከመቀመጫው እስከ ብብቱ ሁለተኛ፤ በወገቡ ዙሪያ ሦስተኛ። ክሩ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ እኔ የልጁን ስም በቁራጭ ካርቶን ጽፌ አስርበታለሁ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እናቶች ያጉረመርሙ ነበር።

«ኧረ ጋሽ እንድሪስ፣ በዚህ ጭጋግ ልጅ ይራቆታል?»

«ወንበሩ ለልጁ ነው ወይስ ለሹራቡ?» ይላሉ፤ አንዴ ከተናገሩ አይደግሙትም።

ሲለኩም ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ። «የምትበሉት ምን ላይ ነው?» እና «የሚያበላው ማነው?» ለምን እንደሚጠይቁ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ልጁ ከፊቱ የሚደገፍበትን ሰሌዳ ቫርኒሽ አይቀቡትም። «ልጅ የሚያየው በአፉ ነው» ይሉና በኑግ ዘይት ያሹታል። አንድ ጊዜ ባለ ሦስት እግር ወንበር እንሥራ ያለ ወጣት አናጢ ነበር፤ የአፈር ወለል ላይ ባለ ሦስት እግር አይናጋም ብሎ። እንዲህ መለሱለት፦ «እውነት ነው፣ ሦስት እግር አይናጋም፤ ግን ይገለበጣል። አራት እግር ይናጋል፤ ቶሎ ግን አይገለበጥም። ለልጅ የሚናጋውን ስጠኝ።»

ማኅበሩ በኋላ ፈረሰና አንድ ነጋዴ ገዛው፤ እኔም ከዕቃው ጋር አብሬ ተዛወርኩ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደግሞ ኮምቦልቻ ባለው ሱቁ ከውጭ የሚመጡትን የፕላስቲክ ወንበሮች ስሸጥ ቆየሁ። የሱቁ ኃላፊ የነጋዴው ልጅ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ወንበሩን ወለል ላይ አድርጌ ጠርዙን በመዳፌ እጫናለሁ፤ ከኋላ ከተነሣ አልሸጠውም። የእግሮቹ ስፋት ከመቀመጫው ካልበለጠ አልሸጠውም። በሁለቱ ጭኖች መካከል የሚቆም ነገር ከሌለው እንኳን ልሸጠው ከመደርደሪያ እንዲወርድ እጠይቃለሁ።

«እትዬ ተዋበች፣ እርስዎ እኮ ደንበኛ አባራሪ ነዎት!» ይለኝ ነበር።

«ተመልሰው ይመጣሉ» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር።

ያንን በጭን መካከል የሚቆም ነገር የምጠይቀው ለምን እንደሆነ ግን ለሱም ነግሬው አላውቅም። አሁን ልንገር።

ማኅበሩ ውስጥ በነበርኩበት ዘመን፣ ክረምት ነው፣ ዓርብ ቀን። ጋሽ እንድሪስ ለጁምዓ ሲወጡ፣ «ልጅ ይዞ የሚመጣ ካለ አቆዪልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ዘሀራ የምትባል ወጣት ሴት የአሥር ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ ዝናብ እያራገፈች ገባች። ኮምቦልቻ ከፋብሪካዎቹ በአንዱ በፈረቃ የምትሠራ ናት። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። እሷ ሥራ ስትገባ ልጁን ሰይድን የምትይዘው አማቷ ናት።

«እማ ከወደቀች ወዲህ አንድ እጇ አይታዘዝላትም» አለችኝ። «ጭኗ ላይ አንጋላ ስታበላው ባለፈው ትን አለውና ልናጣው ነበር። ጤና ጣቢያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ አሉኝ። በምን ትያዘው? ወንበር ካገኘሁለት ሥራዬን እቀጥላለሁ። ካላገኘሁ መተዌ ነው፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ጋሽ እንድሪስ ከመስጊድ እስኪመለሱ ትንሽ ጠብቂ።»

«ወላሂ አልችልም እትዬ። በስምንት ሰዓት እገባለሁ፤ ሚኒባሱ ጥሎኝ ይሄዳል።»

ክሩን አወረድኩ። ከመቶ ጊዜ በላይ ሲለካ አይቻለሁ። ልጁን ልታወልቀው እጇን ስትዘረጋ አየሁት፤ ጋቢ፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። አፍንጫው ቀልቷል። አሳዘነኝ። «ተዪው፣ ይበርደዋል» አልኳት። በጋቢው ላይ ለካሁትና ለልብሱ ብዬ በግምት ሁለት ጣት ቀነስኩ። የሚያበላው ማን እንደሆነ ነግራኛለች፤ ምን ላይ እንደሚበሉ አልጠየቅሁም። ሮጣ ሄደች።

ጋሽ እንድሪስ ሲመለሱ ክሩን ከሚስማሩ አውርደው በጣታቸው ሳቡት።

«ወፍራም ልጅ ነው። አውልቃለት ነው?»

«ለክቼዋለሁ» አልኳቸው።

የጠየቁኝ መለካቴን አልነበረም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን አመኑኝና ሠሩት። የዋንዛ ወንበር ነበር፤ ረጅም፣ ለጠረጴዛ የሚሆን፤ ከፊት ሰሌዳ፣ በወገብ የሚታሰር የጥጥ መቀነት። የዚያን ጊዜ በጭን መካከል የሚቆም እንጨት አናደርግም ነበር፤ ልኩ ትክክል ከሆነ መቀነቱና ሰሌዳው ይበቃሉ።

ዘሀራ ወንበሩን ወስዳ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ወንበሩን ከጣሪያ አስወርዳ፣ በራሷ ተሸክማ፣ ጠረጴዛዬ ፊት አስቀመጠችው። ልጁን አልያዘችም።

«ልጁስ?»

«ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ለጥቂት ነው የተረፈው።»

ኮምቦልቻ ሞቃት ነው። ልጁ እዚያ የሚውለው በአንድ ቀጭን ሸሚዝ ነው። ሰውነቱ ከጋቢና ከሁለት ሹራብ ውስጥ ሲወጣ፣ በመቀነቱም በሰሌዳውም በኩል የተረፈ ክፍተት ነበር። በዚያ ሾልኮ ወርዶ በአገጩ ሰሌዳው ላይ ተንጠለጠለ። አያቱ በአንድ እጃቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ጮኹ፤ ጎረቤት ደርሶ ሰሌዳውን ነቅሎ አወጣው። አገጩ ሥር በልዟል። ከዚያ ወዲህ ዘሀራ ሁለት ቀን ሥራ አልገባችም። ዛሬ በስምንት ሰዓት ካልገባች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ተብላለች።

«የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ ጋሽ እንድሪስ ጋ ሂጂ ነው ያለኝ» አለች። ድምጿን አላነሣችም። «የሠሩት እሳቸው አይደሉም?»

ጋሽ እንድሪስ መላጊያቸውን አቁመው ነበር። ወደኛ መጡ። ወንበሩን አዩ፣ መቀነቱን በጣታቸው ለኩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁሉም ገባቸው።

«ከእጄ የወጣ ወንበር ነው ልጄ» አሏት። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዝም ብል ኖሮ በዚያው ያልፍ ነበር። እሳቸው ስም ነበራቸው፤ አንድ ስህተት አይጥላቸውም። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ከመለኪያው ክር ብወገድ ማንም አይገርመውም። ይህን ሁሉ በዚያች አፍታ አሰብኩ፤ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ጥፋቱስ የኔ ነው» አልኩ። «ከነጋቢው ለካሁት። አውልቃለት ነው ብለው ሲጠይቁኝም እውነቱን አልነገርኳቸውም።»

አናጢዎቹ ሁሉ ሥራ አቆሙ። ዘሀራ ፊቷን ወደኔ አዞረች። ጋሽ እንድሪስ ጆንያ አንሥተው መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ብሎንና ሁለት የዋንዛ ጣውላ ከተቱበት። «ኮላ አንያዝ» አሉ፤ «ኮላ የሚደርቅበት ጊዜ የለም። ተነሺ፣ ብርጭቆ ወረቀትሽን ያዢ።»

ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ልብሱን ያቀልላል። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ሙቀቱ እንደ ስድብ ሆኖ ተሰማኝ። «ከእንግዲህ ልጅ አልለካም» አልኳቸው ጋሽ እንድሪስን። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የዘሀራ አማት እማማ ፋጡማ በር ላይ ጠበቁን። ሰይድ ጉያቸው ተሸጉጧል። ወንበሩን ሲያዩ ጤነኛ እጃቸውን አነሡ።

«ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም! አንቱ አናጢ፣ ለጠላትዎ ልጅ ይስሩለት!»

«እውነትዎን ነው እህቴ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ጆንያቸውን ደጅ አወረዱ። «እንዳለ አይገባም። መጀመሪያ ግን እስቲ ሲያበሉት የት እንደሚቀመጡ ያሳዩኝ።»

«መሬት ነዋ! የት ልቀመጥ ኖሯል? ይህን ማማ ሲያመጡ ቆሜ ነው ያበላሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ በአንድ እጄ ሰማይ ላይ ያለ ልጅ ሳጎርስ!»

ጋሽ እንድሪስ ወደኔ አላዩም። ማየት አላስፈለጋቸውም። እማማ ፋጡማ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ከትሪ ነው የሚበሉት። ለጠረጴዛ ልክ የተሠራ ወንበር ልከንላቸው ነበር።

እማማ ፋጡማ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ እንድሪስ ክርናቸው የሚደርስበትን ከፍታ በክር ያዙ። ከዚያ ክሩን ለኔ ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም። እጃቸውን አላጠፉም፤ እንደዘረጉት ቆዩ። ዘሀራ ልጇን ከአማቷ ጉያ ወሰደች፣ ሸሚዙን አወለቀችለትና ፊቴ አስቀመጠችው። አገጩ ሥር ያለውን አየሁ። ለካሁት። ሦስተኛው ቋጠሮ ከፊተኛው ክር ቋጠሮ በአራት ጣት ያንስ ነበር።

ደጅ፣ የግራር ጥላ ሥር፣ ጋሽ እንድሪስ እግሮቹን ቆረጡ። ወደ ውጭ የተንሰራፋ እግር ሲቆረጥ መቆሚያው ይጠባልና፣ ከሥር ሁለት ጣውላ እንደ ቃሬዛ እንጨት ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስረዝመው በብሎን አሰሩበት። ሰሌዳውን ወደ ልጁ ሆድ አስጠጉት። ከተቆረጠው እግር አንዱን ወስደው፣ በመቀመጫው መካከል ጉድጓድ ፈልፍለው፣ በልጁ ጭኖች መካከል እንዲቆም ተከሉት፤ ጫፉ ከሰሌዳው ጋር ይገጥማል። እኔ አለሰለስኩት። ጉንጬ ላይ እያሸሁ አየሁት፤ ገና ነው፤ ደግሜ አሸሁት።

የቀረው መቀነቱ ነበር። ቋጠሮ በአንድ እጅ አይፈታም። ጋሽ እንድሪስ ከእንጨት እንደ ካፖርት ቁልፍ ያለ ሞላላ ቁልፍ ጠረቡ፤ እኔ መቀነቱ ጫፍ ላይ ቀለበት ሰፋሁ። እማማ ፋጡማ በአንድ እጃቸው አስገቡት፤ አወጡት። ደግመው አስገቡት፤ አወጡት።

«ሰሌዳውስ?» አሉ። «ያን ቀን እሱ ነው እምቢ ያለኝ።»

ሰሌዳው ወደ ላይ በአንድ ግፊት እንዲነሣ ተደረገ። እሱንም ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ዘሀራ ደጋግማ ፀሐይዋን ታያለች። ሰባት ሰዓት አልፏል።

ልጁን አስቀመጥነው። መጀመሪያ ተንፈራገጠ፣ አለቀሰ። እማማ ፋጡማ ቁጣ ባለው ዓይን ሦስታችንንም አዩን።

«ውጡልኝ። እናንተ ስትኖሩማ ወንበሩ ይይዘዋል፤ ብቻዬን ስሆን ነው የማየው።»

ወጣን። ዘሀራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልቅሶው ቀጠለ። አንድ ጊዜ ልትገባ ስትል ጋሽ እንድሪስ በእጃቸው ከለከሏት። ከዚያ ልቅሶው ጋብ አለ። የማንኪያ ድምፅ ሰማን፤ እማማ ፋጡማ «በል ዋጥ፣ ዋጥ የኔ ጌታ» ሲሉ ሰማን። ቁልፉ ሲፈታ፣ ሰሌዳው ሲነሣ፣ እንደገና ሲወርድ ሰማን። ማንኪያው ቀጠለ።

«ዘሀራ!» አሉ ከውስጥ።

«አቤት እማ!»

«ፈረቃሽ አያመልጥሽም? ምን ይገትርሻል እዚያ?»

ዘሀራ ነጠላዋን ከአጥሩ ላይ ላፍ አደረገች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመለሰችና የኔን እጅ ሳመች፤ እኔ ነበርኩ የሷን መሳም የነበረብኝ። ከዚያ ሮጠች።

ጋሽ እንድሪስ መሣሪያቸውን አንድ በአንድ እያራገፉ ጆንያው ውስጥ ከተቱ። ክሩን ግን አልከተቱትም፤ ጠቅልለው ለኔ ሰጡኝ።

«ነገ ከቧንቧ ውኃ ሰፈር መንታ ይዘው ይመጣሉ» አሉኝ። «ሁለቱንም አንቺ ትለኪያለሽ።»

«እሺ» አልኳቸው።